አባባ፣ ወንበሩን ከጓዳ ያውጡት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ባነሳው ወሬውን ወደ አዝመራው እንደሚያዞሩብኝ ስለማውቅ ጻፍኩት።

ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል። ጉልበትዎ እምቢ ካለ ወዲህ የተገዛልዎት ዊልቸር ጋቢ ለብሶ ጓዳ ተቀምጧል አሉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚሄዱት ሰው ሳያይዎት፣ በማለዳ በባጃጅ ነው። "በስተርጅና እየተገፋሁ በአደባባይ ልታይ?" ብለዋል። ፖሊዮ እግሬን ከያዘኝ ጀምሮ በትከሻዎ ተሸክመው ትምህርት ቤት ያመላለሱኝ እርስዎ ይህን ማለትዎ ገርሞኛል። ያኔ እኔን ይዞ በአደባባይ መሄድ አላሳፈረዎትም።

እዚህ ኮሎራዶ የበረዶውን ወራት እንዴት እንደማሳልፍ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። ከዴንቨር ሁለት ሰዓት ባልሞላ መንገድ ዊንተር ፓርክ የሚባል ተራራ አለ። ግርጌው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ትንሽ ዝቅ ይላል። ከቆላ የመጡ ፈረንጆች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሳይ በሆዴ እስቃለሁ።

እዚያ ተቀምጬ ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ሽርተታ፣ እነዳለሁ። መቀመጫ ነው፤ ከሥሩ ሁለት የበረዶ ሸርተቴ ተገጥሞለታል። ዳሌዬን፣ ጉልበቴን፣ እግሬን በቀበቶ ጥፍር አድርገው ያስሩኛል። በሁለት እጄ አጫጭር ምርኩዞች እይዛለሁ፤ ጫፋቸው ላይም ትንንሽ ሸርተቴ አለ። አስተማሪዋ ከኋላ በጠፍር ይዛኝ ትከተላለች። መታጠፍ ስፈልግ ራሴንና ትከሻዬን ወደዚያው ማዘንበል ነው፤ መቀመጫው ይታዘዘኛል። ወደ ላይ የሚወስደን በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ነው። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው ማሽኑን ያቀዘቅዘዋል፣ ሁለት ሰዎች ከነመቀመጫዬ ብድግ አድርገው ይጭኑኛል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ነፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ፣ ጥዱ በግራና በቀኝ ሲሸሽ... አባባ፣ እኔ በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። መሮጥ እንዲህ ከሆነ እናንተ ስትሮጡ የኖራችሁት በምክንያት ነው!

እወድቃለሁም። ልጅ ሆኜ ስወድቅ መንደሩ በሙሉ "እኔን!" እያለ ይሰበሰብ ነበር። እዚህ "ደህና ነሽ?" ይሉኛል፣ ያነሱኛል፣ እንቀጥላለን።

በዚህ ተራራ አካል ጉዳተኞችን ስኪ ማስተማር የተጀመረው በፈረንጆች 1970 ነው። ሃል ኦሊሪ የሚባል የስኪ አስተማሪ፣ ከዴንቨር የሕፃናት ሆስፒታል ለመጡ እግራቸው ወይም እጃቸው ለተቆረጠ 23 ልጆች ትምህርት ሰጠ። የታሰበው ለአንድ ጊዜ ነበር። ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው።

እማዬ በረዶው ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አይታ፣ ብርዱን አስባ አልቅሳለች አሉ። እውነት አላት። በፖሊዮ የተጎዳ እግር ደም እንደልብ ስለማይዘዋወርበት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ፣ በየመሃሉ ቤት ገብቼ አሞቀዋለሁ። አከርካሪያቸው የተጎዳ ጓደኞቼ ከኔ ይብሳሉ። እግራቸው ስሜት ስለሌለው ብርድ ቢያቆስለው አያውቁም። እኔን ቢያንስ ያመኛል። ይህን ንገሯት፤ ባትረጋጋም ትስቃለች።

በረዶው ሲያልፍ ደግሞ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር በእጅ የሚዘወር ብስክሌት እነዳለሁ። ስታውንተን በሚባለው የመንግሥት ፓርክ እንደ ዶዘር በሰንሰለት የሚሄድ ወንበር በነጻ ያውሳሉ። ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነው። ድንጋዩንም ጭቃውንም ይረግጠዋል። የስኪው መቀመጫም የኔ እንዳይመስልዎት። ዋጋው አይቀመስም፣ በውሰት ነው። ደግሞም እዚህ ሁሉ ነገር የተሟላ አይደለም። ያን ሁሉ ተራራ ወርጄ ስመለስ፣ የሰፈሬን በረዶ ጠርገው የዊልቸር መውጫው ላይ ቆልለውት አገኛለሁ። በአማርኛ እሳደባለሁ። እዚህ የሚሰማ የለም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአበበ ቢቂላን ሮምና ቶኪዮ ስንቴ ነገሩን! መኪናው በ1961 ዓ.ም. ሲገለበጥ ግን "አይ ያ ጀግና!" ብለው ተረኩን ይዘጉታል። እሱ መች ዘጋው? እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው በዊልቸር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ፣ በተንሸራታች ላይ ተቀምጦ፣ በረዶ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። የመንዲዳው፣ የጃቶው ልጅ! ሰው "ስኪ ለሐበሻ ምኑ ነው?" ሲለኝ እሱን ነው የምጠራው።

"እነሱማ ጀግኖች ናቸው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ናቸው። የማየት ጉዳት ያለባቸው ሯጮቻችን ያየሽ ጌቴና ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ሲያመጡ እኔም እልል ብያለሁ። ግን አባባ፣ ከቤት ለመውጣት የግድ ጀግና መሆን ያስፈልጋል እንዴ? በኛ ዘንድ ጉዳት ያለበት ሰው ወይ "እኔን!" ይባልለታል፣ ወይ እልል ይባልለታል። ዝም ብሎ መጫወት የለም። እኔ ማንንም አልቀድምም። ሜዳሊያም አልጠብቅም። ተራራ የምወጣው ደስ ስለሚለኝ ነው፣ በቃ።

እርስዎም ለሐኪም ብቻ አይውጡ። ገና ሲደርስ ልጆቹ ሜዳ ይወጣሉ። እርስዎ በጉብዝናዎ ሩር ሲመቱ ማን ይችልዎት ነበር? አሁን ዳር ላይ ሆነው ይዳኙ። ቢሻዎት ይቆጡ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለተጫዋቾቹ ነው፣ ለዳኛ አይደለም።

መንገዱ ጠጠር እንደሆነ አውቃለሁ። ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ጠጠር ውስጥ ይቀረቀራሉ። ወንድሜ ወደፊት እየገፋ ከሚታገል፣ ወንበሩን አዙሮ ወደ ኋላ ይጎትተው፤ ይቀላል። ቁልቁለት ላይም እንዲሁ፣ ጀርባዎን ወደ ታች አድርጎ በዝግታ ያውርድዎት። ለሜዳው ወፍራም ጎማና ወገብ የማያሳምም ትራስ ከሚመጣ ሰው ጋር እልካለሁ። የኋላው ጎማ ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል። አንብቦ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይላክልኝ፤ ካለፈ ለገና አይደርስም። ጋቢውንም ለእማዬ ይመልሱላት።

ልጅዎ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ