የኢ-2 ቪዛ እና የገንዘባችን ምንጭ

ክቡር አዘጋጅ፣

በውጭ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ንግድ ለማቋቋም ስለሚያስቡ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የዱባይንና የብሪታንያን መንገዶች በዝርዝር ካሳየ በኋላ፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት በመንግሥታት ስምምነት የተፈቀደውን የአሜሪካን የኢንቨስተር ቪዛ፣ ኢ-2 የሚባለውን፣ ሳያነሳ አልፎታል። በሒሳብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁና ለዚህ ቪዛ የሚያመለክቱ ደንበኞች ሰነዳቸውን ይዘው ቢሮዬ ሲመጡ የማይ ሰው ስለሆንሁ፣ የጎደለውን ልጨምር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

ኢ-2 የሚሰጠው አሜሪካ የንግድ ስምምነት ላላት አገር ዜጎች ነው። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ የሆነችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመውና መስከረም 28 ቀን 1946 ዓ.ም. በጸናው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት ነው። ኬንያ ይህ መብት የላትም፤ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድና ቻይናም የላቸውም። ከእነዚህ አገሮች አንዳንድ ባለሀብቶች መብቱን ለማግኘት ሲሉ ስምምነቱ ያላትን የካሪቢያኗን አገር የግሬናዳን ዜግነት በገንዘብ ይገዙ ነበር፤ አሜሪካም በ2022 መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣችው ሕግ፣ ዜግነቱን በኢንቨስትመንት ያገኘ ሰው ቢያንስ ሦስት ዓመት በዚያ አገር መኖር አለበት ብላ መንገዱን አጠበበችው። ሌላው በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛውን እኛ ስንወለድ ይዘነው፣ መኖሩን እንኳ አለማወቃችን ይገርመኛል።

ለጀማሪ ነጋዴ ደግሞ ከብሪታንያው ይልቅ ይቀርባል። ብሪታንያ ለጀማሪዎች የነበራትን የስታርት-አፕ ቪዛ በ2023 ዘግታ በተካችው አዲስ ቪዛ፣ አመልካቹ የንግድ ሐሳቡ አዲስ፣ የሚያዋጣና ሊሰፋ የሚችል ስለመሆኑ ከተፈቀደለት ተቋም የድጋፍ ማረጋገጫ እንዲያመጣ፣ እንግሊዝኛውንም በፈተና ወይም በሌላ ማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ኢ-2 ፈጠራም የቋንቋ ፈተናም አይጠይቅም። እንጀራ መጋገሪያም ሆነ የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት፣ እውነተኛና የሚሠራ ንግድ እስከሆነ ድረስ ይበቃል፤ ሰውየው ከዚህ በፊት ነግዶ የማያውቅ መሆኑም በሕግ አይከለክለውም፣ ንግዱን ራሱ እንደሚመራው ማሳመን ብቻ ይጠበቅበታል። የትዳር ጓደኛው መሥራት ይችላል። ወደ ግሪን ካርድ ግን በራሱ አይወስድም፤ ንግዱ እስከቀጠለ ድረስ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ነው እንጂ ዲቪ አይደለም።

ደላሎች «መቶ ሺህ ዶላር ካለህ አለቀ» ይላሉ። ሕጉ ግን የወሰነው ቁጥር የለም፤ የሚታየው የተመደበው ገንዘብ ንግዱን ለማቋቋም ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር በቂ መሆኑ ነው። በባንክ ተቀምጦ የሚጠብቅ ገንዘብ ኢንቨስትመንት ተብሎ አይቆጠርም፤ ኪራዩ ተከፍሎ፣ ዕቃው ተገዝቶ፣ ገንዘቡ ለአደጋ መጋለጥ አለበት። ይህ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ሆኖም ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን እጅ በአደራ አስቀምጦ፣ ቪዛው ሲፈቀድ ለሻጩ እንዲከፈል፣ ሳይፈቀድ ሲቀር እንዲመለስ መዋዋል እንደሚቻል የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ንግዱ ቤተሰቡን ከማኖር ያለፈ ገቢ ሊያስገኝ ይገባዋል፤ ስለዚህ አንድ መኪና ገዝቶ ታክሲ መሥራት አያዋጣም። የባለቤትነት ድርሻውም ቢያንስ ግማሹ በኢትዮጵያ ዜጎች እጅ መሆን አለበት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወንድም 60 እጅ፣ እዚህ ያለው 40 እጅ ይዘው የሚመሠርቱት ማኅበር ውድቅ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ወንድሙ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢኖረውም ግሪን ካርድ ከያዘ ድርሻው አይቆጠርለትም።

እነዚህን ሁሉ ያሟላ ሰው እንኳ የሚወድቅበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ቆንስላው ገንዘቡ ከየት እንደመጣና በምን መንገድ እንደተላለፈ በሰነድ ይጠይቃል። አንድ ደንበኛዬ ከአባቱ የወረሰውን ቤት ሸጦ ገንዘቡን ለንግዱ መድቦ ነበር። በውልና ማስረጃ የተመዘገበው የሽያጭ ዋጋ ግን፣ እንደ ብዙው ሰው ግብሩ እንዲቀልለት፣ በእጁ ከተቀበለው ግማሽ እንኳ አይሆንም። የተረፈውን ከየት አመጣኸው ሲባል መልስ አልነበረውም፤ እውነቱን ቢናገር በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። ሌላዋ ከዓመታት እቁብ ያጠራቀመችውን አቀረበች፤ እቁቡ በመተማመን የቆመ እንጂ ደረሰኝ ያለው አይደለም፣ ዳኛውም ከአንድ ቀላል ደብተር በቀር የሚያሳየው አልነበረውም። ሁለቱም ገንዘባቸው የላባቸው ውጤት ነበር። በቁርጥ ግብር ሲከፍል የኖረ ሱቅ ባለቤትም፣ ግብር ከፍሎባቸው ያለፉት ዓመታት ገቢ ከያዘው ገንዘብ ጋር አይገናኝለትም።

ምንጩ ከተገኘም በኋላ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ መላክ አለ። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱን በገበያ እንዲመራ ቢያደርግም፣ ተራ ነጋዴ «ውጭ አገር ሱቅ ልከፍት ነው» ብሎ ባንክ ሄዶ ዶላር የሚያገኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰው ከባንክ ውጭ ወደሚሠራው ሐዋላ ይሄዳል፤ ሐዋላ ደግሞ ሕገወጥ ከመሆኑ በላይ ቆንስላው የሚፈልገውን ዱካ ያጠፋል። ሕጋዊ ሆኖ ያየሁት አማራጭ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ በባንክ ያስተላለፈው ስጦታ ነው፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለአመልካቹ እስከሆነና ዘመዱም ከየት እንዳገኘው እስካሳየ ድረስ ተቀባይነት አለው። አሜሪካ ዘመድ የሌለው ግን ምን ያድርግ?

የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ስለዚህ ስምምነት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ቢያዘጋጁ ትልቅ ሥራ ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ግብሩን የከፈለ አነስተኛ ነጋዴ በተወሰነ መጠን ወደ ውጭ ኢንቨስት የሚያደርግበትን ጠባብ መንገድ ቢያጠና፣ ዛሬ በሐዋላ የሚሄደውን ቢያንስ በከፊል ወደ ባንክ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ። የቤት ሽያጩን እውነተኛ ዋጋ ማስመዝገብ ግን የማንንም መመሪያ አይጠብቅም፤ ነገ ልጁን ወደ ውጭ ለንግድ የሚልክ ሰው ዛሬ ግብር የቆጠበ መስሎት የሚጽፈውን ቁጥር ቢያስብበት ይሻላል።

ወደ እናንተም ልመለስ። በዚያው ጽሑፍ አጠገብ «የአሜሪካ ኢንቨስተር ቪዛ በዋስትና» የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስላው ብቻ ስለሆነ ማንም አማካሪ በዋስትና ሊሸጠው አይችልም፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከመቀበላችሁ በፊት ዋስትናው ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡስ ሲከለከል ይመለስ እንደሆነ አስነጋሪውን በጽሑፍ እንድትጠይቁ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ