ስለ ባዝል ዶሊቬራ ለወዳጄ የጻፍኩት ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ ሆኖም ስለ ስፖርት ስንከራከር ያነጋናቸው ሌሊቶች ከልቤ ወጥተው አያውቁም፤ ዛሬም ብዕር ያስነሳኝ ያው የጥንቱ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር ከመጣሁ ወዲህ ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ቀስ በቀስ እየለመድኩ፣ ኋላም እየወደድኩ መጣሁ፤ ከተጫዋቾቹም ሁሉ የአንዱ ታሪክ አልለቀኝ ስላለ ልተርክልህና ፍርድህን ልጠይቅህ ፈለግሁ። ሰውየው ባዝል ዶሊቬራ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበልህ። በየወገኑ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ አንዱ ቡድን በእንጨት እየመታ ነጥብ ይሰበስባል፣ ሌላው ኳስ እየወረወረ መቺዎቹን አንድ በአንድ ያስወጣል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ታላቁ ግጥሚያ ቴስት ይባላል፤ አንዱ ጨዋታ ብቻ አምስት ቀን ሊወስድ ይችላል። አብዛኛው ተጫዋች ወይ መቺ ነው ወይ ወርዋሪ፤ ሁለቱንም አሟልቶ የሚይዝ ሁለገብ ተጫዋች ግን ብርቅ ነው። ዶሊቬራ ከእነዚህ ብርቅዬዎች አንዱ ነበር፤ እኔ እስከሚገባኝ ድረስም የሕይወቱ ታላቅ በደል የተፈጸመበት ይህንኑ ሁለገብነቱን በግማሽ በመካድ ነው።

የተወለደው በ1931 ኬፕታውን ውስጥ ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታማ ሰፈር ነው። የአፓርታይድ ሕግ ክልስ ብሎ መድቦት ስለነበር ምንም ያህል ቢጫወት ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ሊሰለፍ አይችልም ነበር፤ የነጮቹን ግጥሚያ እንኳ የሚመለከተው ለእርሱ ወገኖች በተከለለ ጥግ ሆኖ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ የሚጫወቱት በጠጠራማ ሜዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሜዳውንም ራሳቸው አሰናድተው ነው። በማተሚያ ቤት እየሠራ በትርፍ ጊዜው ይጫወት የነበረው ይህ ወጣት የነጭ ያልሆኑት ተጫዋቾች ቡድን አምበል ሆኖ በ1958 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጉዟል። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ዝግ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈ። የጻፈውም ለማያውቀው ሰው፣ ለእንግሊዛዊው የሬዲዮ ክሪኬት አስተላላፊ ለጆን አርሎት ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም በተጻፈው በዚያ ደብዳቤ እንግሊዝ ውስጥ የሚቀጥረው ክለብ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። አርሎት ቀደም ሲል ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የዘር መድልዎውን በዓይኑ ያየ ሰው ስለነበረ ነገሩን ችላ አላለውም፤ ለማንቸስተሩ ጋዜጠኛ ለጆን ኬይ አስተላለፈለት፤ ሌላ ተጫዋች በመቅረቱም በ1960 ሚድልተን በተባለው የላንካሸር ክለብ ክፍት ቦታ ተገኘ። ለአንድ ወቅት የተመደበለት ክፍያ 450 ፓውንድ ነበር። የአውሮፕላኑን ዋጋ የሰፈሩና የማኅበረሰቡ ሰዎች አዋጥተው ላኩት፤ ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ናኦሚ ኬፕታውን ቀረች። ዕድሜው 28 ነበር፤ በጨዋታ ዓለም ይህ ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ቀጣሪዎቹ አርጅቷል ብለው እንዳይሸሹት ዕድሜውን በጥቂት ዓመታት ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር፤ በዚህ የሚፈርድበት ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ እነዚያን ዓመታት የነጠቀው ሕግ ነውና።

መጀመሪያ ላይ አልሆነለትም። በደረቅና ጠንካራ ሜዳ ያደገው ሰው በእርጥቡ የላንካሸር ሣር ላይ የኳሱ አነሣስ ግራ አጋባው። ነጭ አስተናጋጅ እርሱን ሲያስተናግደው ይደነግጥ እንደነበር፣ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎችም ለእርሱ ወገኖች የተለየ በር ይፈልግ እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን ሳምንታት ሲያልፉ ሜዳውን ተማረው፤ ወቅቱ ሲጠናቀቅ 930 ነጥብ አስቆጥሮና 71 መቺዎችን አስወጥቶ ነበር፤ በነጥብ አማካይም፣ ማለትም አንድ ጊዜ በወጣ ቁጥር በሚደርሰው ነጥብ፣ በዚያው ሊግ ይጫወት የነበረውን፣ ብዙዎች የዘመናት ሁሉ ታላቅ ሁለገብ ተጫዋች የሚሉትን የባርቤዶሱን ጋርፊልድ ሶበርስን በልጦ ተገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጥልኝ፤ የሁለገብነቱ ምስክሮች ናቸውና።

ከሚድልተን ዉስተርሺር ወደተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ክለብ ተሻገረ፤ በ1965 ዉስተርሺር የእንግሊዝን ሻምፒዮና ሲያነሳ ከዋነኞቹ ተጫዋቾች አንዱ እርሱ ነበር፤ የእንግሊዝ ዜግነትም አግኝቶ ስለነበር በ1966 በሎርድስ ሜዳ ዌስት ኢንዲስን ለመግጠም ለእንግሊዝ ተሰለፈ። ቴስት የጀመረው እንግዲህ በ34 ዓመቱ ነው። ሲመታ ዱላውን ብዙም ወደ ኋላ አይስብም፤ ጉልበቱ ከክንዱ ስለሚመጣ አጭሩ ምት ኳሱን እሩቅ ይጥለዋል። ሲወረውር ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ነገር ግን ነጥብ አያባክንም፤ በቴስት ዘመኑ ስድስት ኳስ በያዘው በእያንዳንዱ የውርወራ ዙር የሰጠው ነጥብ በአማካይ ከሁለት አይሞላም። ከሁሉም በላይ ሁለት መቺዎች ተጣምረው አልወጣ ሲሉ አምበሉ ኳሱን የሚሰጠው ለእርሱ ነበር።

አሁን ወደ 1968 እንምጣ። በዚያ ክረምት መጨረሻ የእንግሊዝ ቡድን የአገሪቱን የውጭ ጉዞዎች ያዘጋጅ በነበረው የክሪኬት ክለብ፣ በኤም.ሲ.ሲ. ስም ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዲጓዝ ታስቦ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፎርስተር ዶሊቬራ ያለበትን ቡድን እንደማይቀበል ገና ከዓመቱ መጀመሪያ በውስጥ መልእክት አሳውቆ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱ ለመላው የክለቡ ኮሚቴ ሳይቀርብ በጥቂት ባለሥልጣናት እጅ ቀረ። ለዶሊቬራም አንድ የትምባሆ ኩባንያ ሰው ቀርቦ፣ ለጉዞው ዝግጁ አይደለሁም ቢል በደቡብ አፍሪካ በዓመት 4,000 ፓውንድ የሚከፈልበት የረጅም ጊዜ የአሠልጣኝነት ሥራ እንደሚሰጠው ነገረው። በሚድልተን ለአንድ ወቅት 450 ፓውንድ ይከፈለው ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። አልተቀበለውም።

ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ቴስት 87 ነጥብ አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰ፤ ሆኖም ለሚቀጥለው ግጥሚያ ከቡድኑ ተነሳ። የመጨረሻው ቴስት በለንደን ኦቫል ሜዳ ሲደረግ አንድ መቺ በሕመም ስለቀረ እርሱ ተተካ። 31 ነጥብ ላይ ሳለ ከመቺው ኋላ ቆሞ ኳስ የሚቀልበው የአውስትራሊያው በረኛ ጃርማን ሊያስወጣው የሚችል ኳስ ከእጁ አመለጠው፤ ዶሊቬራም 158 ነጥብ እስኪደርስ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻው ቀን ኦገስት 27 ከባድ ዝናብ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ተመልካቹ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ወርዶ ውሃውን ሲያደርቅ ዋለ። ጨዋታው ሲቀጥል የአውስትራሊያ መቺዎች ሙጭጭ ብለው አልወጣ አሉ፤ በዚያች ሰዓት ኳሱ ለዶሊቬራ ተሰጠ፤ እርሱም ያንኑ ጃርማንን አስወጣው። በተከፈተው በር የእንግሊዙ ወርዋሪ ዴሪክ አንደርውድ ገብቶ የቀሩትን አራቱን በፍጥነት አስወጣ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ እንግሊዝ አሸነፈች። በዱላውም በኳሱም የሠራ ሰው ይህንን ካላስመሰከረ ምን ሊያስመሰክር ይችላል?

መራጮቹ ያን ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት አልፈው ተሰበሰቡ፤ በማግስቱም ለጉዞው ያወጡት ስም ዝርዝር ዶሊቬራን አልያዘም። እርሱ በዚያው ቀን ለዉስተርሺር ሲጫወት መቶ ነጥብ አልፎ ነበር፤ ዜናውን በመልበሻ ክፍል ከሬዲዮ ሰምቶ አለቀሰ። የመራጮቹ ሊቀመንበር ዳግ ኢንሶል የሰጡት ምክንያት ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፤ በውጭ አገር ሜዳ ዶሊቬራን እንደ መቺ እንጂ እንደ ሁለገብ ተጫዋች አልቆጠርነውም፣ ከመቺዎች ጋር ስናወዳድረው ደግሞ የተሻሉ አሉን የሚል ነበር። ኳሱን ከእጁ ወስደው በዱላው ብቻ መዘኑት ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴፕቴምበር 16 ቀን ለጉዞው ተመርጦ የነበረው ቶም ካርትራይት በትከሻ ጉዳት ምክንያት ራሱን አገለለ፤ ካርትራይት በዋነኛነት ወርዋሪ ነበር፤ መራጮቹም በእርሱ ቦታ ዶሊቬራን አስገቡ። ፎርስተር በማግስቱ ብሉምፎንቴይን ላይ ባደረገው ንግግር ይህ የክሪኬት ቡድን ሳይሆን የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች ቡድን ነው አለ፤ መቺ ነው ያሉትን በወርዋሪ ምትክ መላካቸውም ለክሱ ተመቸው። ጉዞው ሴፕቴምበር 24 ተሰረዘ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ መራጮቹ በኦገስት የሰውየውን ሁለት እጆች ሙሉ በሙሉ ቆጥረው ቢሆን ኖሮ ፎርስተር የሚይዘው ሰበብ አይኖረውም፣ ክልከላው በዘር ብቻ መሆኑም ያኔውኑ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር።

ይህንን ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የመጣው የ1957ቱ የካርቱም የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜው በግብጽ 4 ለ 0 መሸነፋችንን ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታስታውሳለህ። እነ ይድነቃቸው ተሰማ የነበሩበት የአፍሪካ እግር ኳስ ገና በተወለደ ጊዜ ያለ ማቅማማት የወሰነውን ነገር የእንግሊዝ ክሪኬት አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ እንኳ በግልጽ ሊወስነው አልቻለም፤ በመጨረሻ የወሰነለት ራሱ ፎርስተር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ፈንታ ወደ ሴሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) እና ወደ ፓኪስታን ተጓዘች፤ ዶሊቬራም ያኔ የፓኪስታን በነበረችውና ሁከት በነገሠባት በዳካ፣ ለመቺ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ሜዳ ላይ 114 ነጥብ አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰ። የ1970ው የደቡብ አፍሪካ ቡድን የእንግሊዝ ጉዞ በተቃውሞው ብርታት ተሰረዘ፤ ደቡብ አፍሪካም እስከ 1992 ድረስ ቴስት ሳትጫወት ቆየች። ዶሊቬራ ራሱ አደባባይ ወጥቶ ንግግር የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ በዚህም ከገዛ ወገኖቹ ሳይቀር የወቀሱት ነበሩ። እኔ ወቀሳውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ያን ገንዘብ እምቢ ብሎ ኦቫል ላይ አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት ያስቆጠረን ሰው ዝም አለ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

በ1972 ቴስት ሲያቆም ዕድሜው 40 አካባቢ ነበር፤ በ44 ግጥሚያዎች 2,484 ነጥብ አስቆጥሮ 47 መቺዎችን አስወጥቷል፤ የነጥቡ አማካይ ከ40 በላይ ነው። ከ34 ዓመቱ በኋላ ብቻ ይህን የሠራ ሰው በ20 ዓመቱ ቢጀምር ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ለዉስተርሺር እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ተጫወተ፤ ከዚያም አሠልጣኝ ሆኖ ክለቡ በ1988ና በ1989 ተከታታይ ሻምፒዮና አነሳ። ልጁ ዴሚያንና የልጅ ልጁ ብሬትም ለዚያው ክለብ ተጫውተዋል። በመጨረሻ ዘመኑ የፓርኪንሰን ሕመም ያዘው፤ በ2011 በዉስተር አረፈ።

ዉስተር ካቴድራሉ በሴቨርን ወንዝ ማዶ በሚታይበት በኒው ሮድ ሜዳ በስሙ የተሰየመ የተመልካች መቀመጫ አለ፤ ስትመጣ አብረን እንቀመጥበታለን። ከ2004 ወዲህም እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ በቴስት ሲገናኙ አሸናፊው የሚያነሳው ዋንጫ የባዝል ዶሊቬራ ዋንጫ ነው። አሁን አንድ ነገር ፍረድልኝ፤ ስለ ካርቱም ከታላላቆቻችን የሰማኸው ካለ እርሱንም ጨምረህ ጻፍልኝ፦ መራጮቹ በዚያ ሌሊት ፈርተው ነው ወይስ ዓይናቸውን ጨፍነው? እኔ ወደ ፍርሃቱ አደላለሁ።

ቤተሰብህን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ