ሰብልዬ፣ ስለ ጀርባዬ ልንገርሽ

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በደንብ ካወራን ስንት ዘመናችን! በዓል ሲመጣ በቴሌግራም አበባ መላላክ ወሬ ካልተባለ በቀር ጠፋፍተናል። ማን ጠፋ የሚለውን እንተወው፤ ኑሮ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ረዘም ይላል። ቡናሽን ቅጂና ተቀመጪ።

ጉዳዩ ጀርባዬ ነው። ደሴ እያለን እማዬ መንገድ ላይ ሳይቀር «ቀጥ በይ እንጂ!» ስትለኝ አንቺ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ቀሚስ ሲሰፋልኝም አንዱ ጎን ሁሌ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ልብስ ሰፊው በጨርቁ ያሳብባል። ጎረቤቱ ደግሞ «ውኃ በጀሪካን ስለምትሸከም ነው» ብሎ ፈረደ። ጀሪካንም ሆነ ከባድ ቦርሳ ይህን አያመጣም። ስኮሊዮሲስ ነው የሚባለው። አከርካሪ ወደ ጎን ይጣመማል፤ እየተጣመመም ይዞራል። በአንድ በኩል ጎድን ወይም ወገብ ጎላ ብሎ የሚወጣው ስለሚዞር ነው። ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ስም ይሰጠዋል። በልጅነት የሚጀምረው የብዙዎቻችን ዓይነት መንስኤው አልተገኘለትም፤ በዘር ግን ይሄዳል። ለዚህ ነው ልጆቼን በየዓመቱ የማስመረምረው።

እኔ ያወቅኩት እዚህ አሜሪካ መጥቼ፣ ሁለተኛዋን ከወለድኩ በኋላ፣ ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ራጅ ተነሥቼ ነው። 44 ዲግሪ፣ ያውም ወገብ ላይ። «አድገሽ ጨርሰሻል፣ ከዚህ በኋላ አይብስም» ተባልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥራዬ ደግሞ እንደምታውቂው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሰው አነሣለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ። በኋላ ስረዳው «አይብስም» የሚባለው ለትንሹ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ሰው ካደገ በኋላ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ደረት ላይ ሆኖ 50 ያለፈው ግን በዓመት አንድ ዲግሪ ገደማ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ወገብ ላይ ያለው ግን 50 ሳይሞላም ሊጨምር ይችላል።

አሁን ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ ወርዷል። ቆሜ ስውል ከዳሌዬ እስከ ባቴ ያቃጥለኛል። ስቀመጥ ይተወኛል። የሚገርምሽ፣ ሱቅ ስገባ ጋሪው ላይ ደገፍ ብዬ ስገፋ እንደ ጤነኛ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ይህን ስነግረው ፈገግ አለ። ጎንበስ ሲባል የነርቩ መውጫ ትንሽ ይሰፋል፤ ብዙ ሕመምተኛ ይህንኑ ይላል አለኝ።

እና ሁለት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንደኛው አዲሱን ራጅ አይቶ «48 ደርሷል፤ ሳይዘገይ ኦፕሬሽን መሠራት አለብሽ» አለ። ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሁለተኛዋ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አድርጋ ራሷ ለካቻቸው። ዲግሪው የሚለካው ኮብ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ከጠማማው አናትና ግርጌ አጥንቶች ላይ መስመር ይሰመርና ማዕዘኑ ይወሰዳል። ያው አንድ ራጅ በሁለት ሰው ሲለካ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። የኔ ልዩነት 4 ነው። ስለዚህ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። «በቁጥሩ አልሠራሽም፤ በእግርሽና በኑሮሽ ነው የምንወስነው» አለችኝ። ይህችኛዋን ወደድኳት፤ ስላላስፈራራችኝም ሊሆን ይችላል።

አንቺ አሁን «ጋና ሄደው ቀጥ ብለው የመጡ ልጆች አሉ አይደል እንዴ!» ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ሆኖ የአከርካሪ ሕመምተኞችን እያየ አክራ ወደሚገኘው ፎኮስ ሆስፒታል ስንቱን ልኳል። እዚያ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ያቋቋመው ቡድን ይሠራቸዋል። ግን የብዙዎቹ ጀርባ ከ100 ዲግሪ ያለፈ ነው፤ አንዳንዱም የአከርካሪ ቲቢ ያጎበጠው ነው። ሳንባቸው ቦታ አጥቶ የሚተነፍሱት በግድ ነው። ለእነሱ ኦፕሬሽኑ የሕይወት ጉዳይ ነው። እኔ በደንብ እተነፍሳለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ሕመም በዚያ ኦፕሬሽን ልለውጠው ወይ ነው።

ኦፕሬሽኑ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አጥንቶቹ ውስጥ ብሎን ይገባል፤ በሁለት በኩል ዘንግ ይታሰራል፤ መሐሉ ላይ የአጥንት ፍርፋሪ ይደረግና በወራት ውስጥ አንድ አጥንት ሆኖ ይገጥማል። ለኔ ያቀዱት ከደረቴ ግርጌ እስከ ዳሌ አጥንቴ ነው። ይህ ማለት ወገቤ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። ከጉልበትና ከዳሌ መታጠፍ ይቻላል። የተሠሩ ሰዎች ካልሲ ማድረግና መታጠብ በአዲስ መልክ ይማራሉ። እኔ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ስግደት ነው። በዐቢይ ጾም ቆሜ ልቀር ነው? የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ «ለታመመ ሰው አንገት ደፋ ማድረግም ስግደት ነው» አሉኝ። ስለ ጾሙም ሐኪሟ የነገረችኝን ነገርኳቸው። አጥንት እንዲገጥም ፕሮቲንም ካልሲየምም ያስፈልጋል፤ እሳቸውም ከተሠራሽ ትፈቺያለሽ አሉ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት ግን ፈቃድ ሰጪ የለውም።

ገንዘቡስ? ኢንሹራንሱ ብዙውን ይሸፍናል። ሥራው ነው የሚያስጨንቀኝ። የዚህ አገር ሕግ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ያለ ደመወዝ። ማገገሙ ደግሞ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሣት፣ መጠምዘዝ ክልክል ነው። የኔ ሥራ እኮ እነዚህ ሦስቱ ነው።

የኦፕሬሽኑን ጥሩ ጎን ልሸሽግሽ አልፈልግም። በደንብ የተመረጠ ሰው ሲሠራ ሕመሙም አቋሙም ከማይሠራው ይልቅ ይሻሻላል። ግን አዋቂ ላይ ችግሩ ከልጅ ይበዛል፤ ቁስል ይመረቅዛል፣ አጥንቱ ሳይገጥም ይቀርና ዘንጉ ይሰበራል፣ ከተገጠመው በላይ ያለው አጥንት ይደክማል። ተመልሰው ኦፕሬሽን ክፍል የሚገቡ ጥቂት አይደሉም። አጥንቱ ከሳሳ ብሎኑ አይጨብጥም፤ ስለዚህ የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ አስቀድሞ ይደረጋል። የኔ ሳሳ ያለ ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚን ዲዬም ዝቅ ብሏል። ሌላው ቢቀር ይህን ማስተካከል ይቀድማል።

ብሬሱ ጋ ልምጣ፤ ወገብ ላይ የሚታሰረው መደገፊያ ማለቴ ነው። ትልቅ ተስፋ ጥዬበት ነበር። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሰውነትሽን ለክተው በልክሽ ይሠሩታል፤ ከውስጥ ስስ ቲሸርት ይለበሳል። በሜሪላንድ ሐምሌ ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። እና ባለሙያው ገና ሲያጠብቀው እቅጩን ነገረኝ። አጥንቱ ማደግ ያቆመ ሰው በብሬስ አይቃናም። የሚያደርገው ሸክሙን መካፈል ነው፤ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያበርደዋል። ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ደግሞ ጡንቻ ሥራ ይፈታል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ፈረቃዬ ሲከብድ አደርገዋለሁ፤ ቤት ስገባ አውልቄ ወንበር ላይ እወረውረዋለሁ። ከሱ ይልቅ የጠቀመኝ ስፖርቱ ነው። ሽሮት ይባላል፤ ካታሪና ሽሮት የምትባል ራሷ ስኮሊዮሲስ የነበረባት ጀርመናዊት በ1920ዎቹ የጀመረችው። መስታወት ፊት ቆመሽ የጎደጎደውን ጎን በትንፋሽ መሙላት ነው። ያሰለቻል፣ ግን ይሠራል፤ ዲግሪውን ሳይሆን ሕመሙን ማለቴ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ኦፕሬሽኑን አልሠራም ብያለሁ። እማዬ ጠበል ልካልኛለች፤ እሱንም እጠጣለሁ፣ ዓመት ሲሞላም ራጁን እነሣለሁ። በያኛው ራጅ የመለኪያ ስሕተት ሊሆን የማይችል ጭማሪ ካለ፣ ወይም እግሬ ከዛለ፣ ወይም ሱቅ መዞር ካቃተኝ እተኛላቸዋለሁ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተኝ ደግሞ ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሥራ ቦታም የማነሣ ሳይሆን መድኃኒት የማድል እንድሆን ኮርሱን ጀምሬያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ልጅሽ ማህሌት በስምንተኛ ክፍል ምርቃቷ የተነሣችውን ፎቶ ስለለጠፍሽ ነው። ቆንጆ ሆናለች፣ ታደርሻት። ግን የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ከፍ ብሎ ታየኝ። አቋቋሟ ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ሰው ስለሆንኩ የሁሉን ሰው ትከሻ ነው የማየው፣ ታክሲ ውስጥም ቤተ ክርስቲያንም። ቢሆንም እዪልኝ። ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ሁለት መዳፏን አጋጥማ ወደ ፊት ታጎንብስ። አንቺ ከኋላ ዝቅ ብለሽ ተመልከቺ። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ራጅ ያስፈልጋታል፤ ቆማ፣ አከርካሪው በሙሉ የሚታይበት። ተኝታ አይደለም፤ ሲተኛ ጠማማው ያነሰ ይመስላል።

እሷ ላይ ብሬስ የኔ ዓይነት ማስታገሻ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ተደርጎ በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶዎቹ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ አድገው ጨረሱ፤ ካላደረጉት 48 በመቶዎቹ። ብዙ ሰዓት ያደረጉት ይበልጥ ተጠቀሙ። ልዩነቱ ግልጽ ሲሆን ጥናቱን ከቀኑ በፊት አቆሙት። የሚሠራው ግን እድገት ሲቀራት ብቻ ነው። ሐኪሙ የወር አበባዋ መቼ እንደጀመረ ይጠይቃችኋል፤ አትፈሩ፣ ስንት እድገት እንደቀራት ለማወቅ ነው። ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ መከታተል ይበቃል። ከ25 እስከ 40 ከሆነ ነው የብሬስ ወሬ የሚመጣው። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ የመባስ ዕድሉ ከወንድ ይበልጣልና «ሲያድጉ ይስተካከላል» የሚልሽን አትስሚ።

እሷን አታስደንግጫት። ኡሴን ቦልትም ስኮሊዮሲስ አለበት በያት። ኦፕሬሽን ድረስ ቢሄድ እንኳ፣ የእንግሊዟ ልዕልት ዩጂኒ በ12 ዓመቷ ተሠርታ በ2018 ሠርጓ ጀርባው ክፍት ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ ጠባሳዋ እንዲታይ ብላ። የሠርግ ቪዲዮ የምትወድ ከሆነ ፈልጋ ትየው።

ራጅ ካነሣችሁ በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ እኔ ለሐኪሜ አሳያታለሁ። የራጁን ዋጋ በተመለከተ አትግደርደሪ፣ እኔ አለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልልሻለሁ፤ በእናንተ ምሽት ላይ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ልጅቷን አጎንብሰሽ እያት። እናትሽን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ