ለአባባ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የልብ ምርመራው ውጤት መጥቷል ብሎኛል ወንድሜ። ምን እንደሚል ግን ሸፋፍኖ አለፈው።

እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ትልቁ ቁመቱ በልጦኛል፤ አማርኛውን ግን እየረሳ ነው።

እኔ አሁንም እዚያው ሆቴል ላውንደሪ ነኝ። ትልልቁን አንሶላ ለሁለት ሆነን ነው የምናጥፈው። ባለፈው ከአንዲት የኤልሳልቫዶር ሴትዮ ጋር ጫፍና ጫፉን እንደያዝን ማድረቂያው እንደ አህያ አናፋ። ተያየን። በቃ፣ ሳቁ ያዘን፤ አንሶላውም ከእጃችን ወደቀ። ጋሪ የሚገፋው ልጅ፣ ካውያው ጋ ያሉት ሴቶች፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ስፓኒሽ አልችል፣ እሷ አማርኛ አትችል። አለቃችን ፊቷን አጥቁራ ስትገባ ደግሞ ማንም ምንም ሳይለን ሁላችንም ኩምሽሽ እንላለን።

ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት ጊዜ 30 እጥፍ ይስቃል ብሏል። ቀልድም ብዙ አያስፈልገውም አሉ። በ1954 ዓ.ም. ታንጋኒካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ካሻሻ በሚባል ቦታ፣ ሦስት ልጃገረዶች የጀመሩት ሳቅ ከ159 ተማሪዎች 95ቱን ይዞ ትምህርት ቤቱን አዘግቷል። ደስታ ግን አልነበረም። ጭንቀት ነው እንደዚያ የተጋባባቸው ይባላል።

መድኃኒቱን በሰዓቱ ነው አይደል የሚወስዱት? እማዬ ሽሮው ላይ ጨው እንዳታበዛ።

ጡረታ ሲወጡ የተደረገልዎትን ሽኝት ያስታውሳሉ? «ጋሼ ካሉ ቢሮው ሳቅ በሳቅ ነው» አሉ። አንዱ ገና «ገንዘብ ያዡና የካዝናው ቁልፍ» ከማለቱ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔና እማዬ ተያየን። ስለ ማን ነው የሚያወሩት? እኛ ቤት የጫማዎ ድምፅ ሲሰማ ሬዲዮው ይጠፋ ነበር። በር ላይ ሲያስሉ ብቻ የዛሬው ቀን ምን እንደሚመስል እናውቀው ነበር። የዚያን የፋሲካ ዋዜማ ነገር አላነሳም።

አምስት ልጅ በአንድ ደሞዝ ማሳደግ ቀላል አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አባባ፣ ሳቁን ሁሉ እዚያ ጨርሰው ነበር የሚመጡት።

እሁድ ስደውል ስልኩን ቶሎ ለእማዬ አያቀብሉብኝ። ውጤቱን ከራስዎ አፍ ልስማው። ከዚያ የገንዘብ ያዡንና የካዝናውን ቁልፍ ነገር ይንገሩኝ። መጨረሻውን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ልጅዎ