የቤተሰብ ፋውንዴሽን በር ከማንኳኳታችን በፊት

ውድ አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ «ለምን ከቤተሰብ ፋውንዴሽን ድጋፍ አንጠይቅም?» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። እኔም ደግፌዋለሁ። ግን ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት አሠራሩን ብናውቅ ይሻላል።

የእነዚህ ፋውንዴሽኖች ገንዘብ የሚመጣው ከአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው። እንደኛ መዋጮ አይለምኑም። ገንዘቡ ኢንቨስት ይደረጋል፤ ከዚያ ላይ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሰጣል። እዚህ አሜሪካ ሕጉ በየዓመቱ ከዚሁ ሀብት 5 በመቶ ገደማ እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ ተሽቆጥቁጠን መሄድ የለብንም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤት ያስገባሉ፤ ቅጹም ለማንም ክፍት ነው። ለማን፣ ስንት ዶላር፣ ለምን ዓላማ እንደሰጡ በዝርዝር ይገኝበታል። ራሳቸው ለመረጧቸው ድርጅቶች ብቻ የሚሰጡና ማመልከቻ የማይቀበሉ ከሆነም እዚያው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እባካችሁ መጀመሪያ ያቺን ሣጥን እዩ! ይህን ሳያይ ገጽ በገጽ ላይ የሚደርት ሰው ልፋቱን ውሃ ይበላዋል።

ምልክት ያለበት ከሆነ መንገዱ ትውውቅ ነው፤ የቦርድ አባሎቻቸው ስም ቅጹ ላይ አለ። የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩኝ። ምልክቱ ከሌለበት ግን ብዙዎቹ የሚጠይቁት አጭር የመግቢያ ደብዳቤ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዱ ለፕሮጀክት ብቻ ይሰጣል፣ ኪራይና ደመወዝ አይነካም። የእኛ ችግር ደግሞ ኪራይ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የሚሰጡትን እናስቀድም።

ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን በጀትና ከግብር ነፃ የሆንንበትን ደብዳቤ ያዘጋጁልን።