«መልሱ መ ነው» ብቻውን አይበቃም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የ6ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄዎች ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ጋዜጣ መዞር ይጀምራሉ። ከገጹ ግርጌ «1. መ፣ 2. ሐ፣ 3. ሀ» የሚል የመልስ ቁልፍ ይቀመጣል፤ ሌላ ምንም የለም። ማታ ደክሞት የገባ ወላጅ ቁልፉን አይቶ «መ ነው» ይላል፣ ልጁም ያከብባል። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ያው ስህተት ይደገማል። ልጅ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ሳናገኝ ፊደሉን ብንነግረው ጥቅሙ ለዚያች ምሽት ብቻ ነው።

ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ እንውሰድ። «ለባቄላ ዘር መብቀል የማያስፈልገው የቱ ነው? ሀ. ውሃ፣ ለ. አየር፣ ሐ. ተስማሚ ሙቀት፣ መ. የፀሐይ ብርሃን።» «ለ»ን የሚመርጥ ልጅ አላሰበም ማለት አይቻልም። አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር ምን አየር ያገኛል ብሎ ነው። ብርሃን ለተክል እንደሚያስፈልግ ደግሞ ከታች ክፍል ጀምሮ ሲነገረው ኖሯል። ስለዚህ «መ» ተብሎ ሲነገረው ግራ ይጋባል እንጂ አይማርም።

ይህን ቤት ውስጥ ለማየት አራት የፕላስቲክ ኩባያ፣ ጥጥና 20 ፍሬ ባቄላ ይበቃል። ባቄላው ያልተቆላ፣ ያልተከካና ነቀዝ ያልነካው ይሁን። ክክ የማይበቅለው ጽንሷ ሲከካ ስለምትጎዳ ነው። ፍሬዎቹን አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ በየኩባያው አምስት አምስት ማድረግ፤ አንድ ፍሬ ብቻ ተደርጎ ባይበቅል በምን ምክንያት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የመጀመሪያው ኩባያ እርጥብ ጥጥ ይዞ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ሁለተኛው እንደዚያው እርጥብ ሆኖ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ፤ ፍሪጅ የሌለው ቤት ይህን ይዝለለው። በአራተኛው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ፍሬዎቹ እስኪሰጥሙ ይፈስና ከላዩ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል። ማፍላቱ በውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ያስወጣል፣ ዘይቱ ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ ይከድናል።

በሳምንት ገደማ የመስኮቱም የቁምሳጥኑም ይበቅላሉ። የፍሪጁ ገና ነው። ዘይት የተከደነበት ያብጣል፣ ከዚያ መሽተት ይጀምራል። «ለ» ስህተት የሆነበትን ምክንያት ልጁ በአፍንጫው ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ጥጡን ውሃ ማጥለቅለቅ ነው። ሲጨመቅ ጠብ እስኪል ድረስ ከራሰ የመስኮቱም ፍሬ እንደ አራተኛው ይታፈንና ይበሰብሳል፤ ልጁም «ውሃ ይገድላል» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው ጨለማ ውስጥ ያደገው ቡቃያ ከመስኮቱ ረዝሞ መገኘቱ ነው። ልጁ «ጨለማ ይሻለዋል» ይላል። ቀለሙን እንዲያይ ማድረግ ነው፦ ገርጥቷል፣ አገዳው ቀጥኗል። የረዘመው ብርሃን ፍለጋ ነው፤ የሚበላው ከሁለቱ ክኮች ውስጥ የተቀመጠውን ስንቅ ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ይጠወልጋል። ብርሃን ለመብቀል ሳይሆን በቅሎ ለማደግ የሚያስፈልግ መሆኑ እዚያው ይታያል። (ሰላጣን የመሰሉ አንዳንድ ጥቃቅን ዘሮች ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ጥያቄው «ባቄላ» ብሎ መጠየቁ በዚህ ምክንያት ትክክል ነው።)

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ደግሞ ኩባያም አያስፈልገው። ለብቅል የሚሆነው ገብስ ተዘፍዝፎ፣ ተጠንፍፎ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ጨለማ ጥግ ውስጥ ያቆጠቁጣል። አፈር የለ፣ ብርሃን የለ። ልጁ ይህን ሲያይ ያደገ ቢሆንም ከፈተናው ጥያቄ ጋር ያገናኘለት ሰው የለም።

ሌላው የስህተት ምንጭ ቋንቋችን ነው። ቅቤ ምጣድ ላይ ቀለጠ እንላለን፤ በብዙ ቤት ጨውም ወጥ ውስጥ «ቀለጠ» ይባላል። መጽሐፉ ግን ለሁለተኛው «ሟሟ» ይላል። መቅለጥ ሙቀት ብቻ ይፈልጋል፤ መሟሟት ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ውሃ፣ ይፈልጋል። የገበታ ጨው በራሱ እንዲቀልጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልገዋል፤ የቤት ምድጃ ላይ ያለ ድስት እዚያ አይደርስም። «ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?» ለሚለው «ይቀልጣል»ን የመረጠ ልጅ የናቱን አማርኛ ነው የመለሰው።

«ጠፋ» የሚል ልጅም አለ። ለእሱ ሚዛን ያስፈልጋል፦ 200 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ ተማስሎ 220 ግራም። ብዙ ጊዜ 217 ወይም 218 ሆኖ ይገኝና ልጁ «ጠፍቷላ!» ይላል። ጥፋቱ የማማሰያው ነው፤ ማንኪያው ውሃና ጨው ይዞ ወጥቷል። ማንኪያውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ መመዘን ነው። ከዚያ ጥቂቱን በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት፤ ጨው ሳህኑ ላይ ቀርቶ ይገኛል። የአፍዴራ ጨው የሚመረተውም በዚሁ መንገድ ነው።

«ነፍሳት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በቤት አማርኛ ሸረሪትም፣ መዥገርም፣ ጉንዳንም ነፍሳት ናቸው። መጽሐፉ ሦስት አፅቄ የሚላቸው ግን አካላቸው በሦስት የተከፈለ፣ ስድስት እግር ያላቸው ብቻ ናቸው። ሸረሪት ስምንት እግር አላት፣ ጊንጥም እንዲሁ። መቁጠር ነው።

አምፑልና ባትሪ ሲመጣ ወላጅ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ያልፋል። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚስሉት ከባትሪ ድንጋዩ ጫፍ ወደ አምፑሉ ጫፍ የሚሄድ አንድ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደ ቧንቧ ውሃ ሄዶ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። አንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ አንድ የድሮ የእጅ ባትሪ አምፑልና አንድ ሽቦ ይዞ «አብራው» ማለት ከሥዕሉ ይበልጣል። የሚበራው የአምፑሉ ጫፍ የድንጋዩ አናት ላይ ተቀምጦ፣ ሽቦው ከድንጋዩ ሥር ተነስቶ የአምፑሉን የብረት ጎን ሲነካ ነው። አምፑሉ ሁለት መንኪያ እንዳለው፣ አንዱ ከታች አንዱ ከጎን፣ ያን ጊዜ ይገለጥለታል። ካልበራ መጀመሪያ የሚታየው የሽቦው ጫፍ ነው፤ ልባሱ በደንብ አልተላጠ ይሆናል። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የእጅ ባትሪ ኤልኢዲ ነው። ነጩ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ፣ ማለትም ሁለት ድንጋይ ተቀጣጥሎ ይፈልጋል፤ ተገልብጦ ከተገናኘም አይበራም። ይህን ያላወቀ ወላጅ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። አምፑል ሳይኖር ሽቦውን ከድንጋዩ ሁለት ጫፍ ማገናኘት ሽቦውንም ድንጋዩንም ያግላል። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ስለሆነ ከዚህ ጨዋታ ውጪ መሆኑ ለልጁ አስቀድሞ ይነገረው።

መጽሐፉ ትክክል ሆኖ ልጁም ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ቁልፉ 100 ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲሳሳ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ሽንብራና ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገዩትም ስለዚህ ነው። ልጁ «በባሕር ወለል ላይ 100» ብሎ ሙሉውን ይያዘው። በነገራችን ላይ ይህን ለመለካት የትኩሳት መለኪያ የሚያስገቡ አሉ፤ እሱ እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሚለካ የመስታወቱ ይፈነዳል።

ጥላም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተቀዱ ሥዕሎች የቀትር ጥላን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያሳያሉ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ ተክሎ ቀን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ማየት ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሰኔ 14 አካባቢ ደመና ካልሸፈናት ጥላው ወደ ደቡብ 26 ሳንቲ ሜትር ይወድቃል። በነሐሴ መጨረሻ እንደገና ይጠፋል። በዚያው በሰኔ ቀን ዋሽንግተን ያለ የአክስት ልጅ በቀትሩ ቢለካ 28 ሳንቲ ሜትር ያገኛል፣ ግን ወደ ሰሜን። ሁለቱ በስልክ ፎቶ ቢለዋወጡ ምድር ክብ ስለመሆኗ የሚነሳው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል።

አንድ የቆየ ስህተት ደግሞ የራሳችን የመምህራን ነው። ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሻማ አብርቶ በብርጭቆ ሲደፉት ሻማው ይጠፋል፣ ውሃውም ይወጣል። «ኦክስጅኑ ስላለቀ ውሃው ቦታውን ወሰደ» እየተባለ ይጻፋል። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ሲያንሰው እንጂ ተሟጦ ሲያልቅ አይደለም። ውሃው በብዛት የሚወጣው የሞቀው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው። በጥንቃቄ ያየ ልጅ ብርጭቆው ሲደፋ በጠርዙ አረፋ ሲወጣ፣ ውሃው ደግሞ ሻማው ከጠፋ በኋላ ፈጠን ብሎ ሲወጣ ይይዛል። ያን የሚናገር ልጅ «አትቀላቅል» ሊባል አይገባም።

ጥያቄያችን ለእናንተ ይህ ነው። የልጆች ጥያቄዎችን ስታወጡ ቁጥራቸው ከ20 ወደ 8 ይውረድና በእያንዳንዱ መልስ ሥር ሁለት መስመር ይጨመር። ለምሳሌ፦ «መ። ባቄላ ስንቁን በክኮቹ ውስጥ ይዟል፤ ብርሃን የሚፈልገው ቅጠል ሲያወጣ ነው። ለን የመረጠ ልጅ ካለ፣ ባቄላ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና ዘይት ሥር አስቀምጡለትና አብራችሁ ጠብቁ።»

ሁለት የአካባቢ ሳይንስ መምህራን
አዲስ አበባ