የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሥራ ያጣ ውሻ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ሠርቷል፤ ብልህ ሆኖ ቶሎ የሚሰለች ውሻ ግቢ ውስጥ ምን ሥራ ይሰጠው? ጅማ ውስጥ ብዙ የግቢ ውሾች ቀን ታስረው ይውላሉ፤ ማታ ጅቡም ሌባውም ስላለ ይፈታሉ። ዝግ ያለ ውሻ ይህን ይችለዋል፤ ንቁው ግን አይችለውም። ልብስ ከማስጫ ገመድ ላይ ይጎትታል፣ ጫማ ያኝካል፣ የአበባ መደብ ይቆፍራል፣ በበር ባለፈ ባጃጅ ሁሉ ላይ ይጮሃል። ይህ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ሰንሰለቱ ሲያጥርበት ደግሞ ይብስበታል።

መልሳችን ውሻው ምግቡን ሠርቶ የሚያገኝበት ጨዋታ ነው። ወደዚህ ጨዋታ የገቡት የዘመኑን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰዱና አሳዳጊያቸው የፈቀደላቸው የተማሪዎች ውሾች ብቻ ናቸው። የጎዳና ውሻ አልተነካም። ንክሻ ወይም ጭረት ቢደርስ ቁስሉ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ውሻው ጤነኛ መስሎ ቢታይም እንኳ ይኬዳል።

የተማርነው ዋና ነገር ምግብ በሳህን ቀርቦ በአንድ ደቂቃ ማለቅ እንደሌለበት ነው። ውሻው በአፍንጫውና በመዳፉ ሠርቶ ይብላ። ለጨዋታ የሚውለው ከዕለት ምግቡ ላይ ተቀንሶ ነው፤ ተጨማሪ ከሆነ ይወፍራል። የሚስማማው ያለ ጨው የተቀቀለ፣ ሽምብራ በሚያህል ልክ የተቆረጠ ሳንባ ወይም ደረቅ ቂጣ ነው። የወጥ ትራፊ አይሰጥም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። በእኛ አገር ከዚህ እኩል የሚያሳስበው ቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና በየግቢው ሲሰጣ፣ የሰለቸ ውሻ ያገኘውን ያኝካልና ስጡ መታጠር አለበት። ፍሬውም አተላውም ካፌይን ስላለው ይመርዘዋል።

በብዛት የሠራነው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ለትንሽ ውሻ የግማሽ ሊትሩ፣ ለትልቅ የሁለት ሊትሩ ይሆናል። ክዳኑ፣ አንገቱ ላይ የሚቀረው ቀለበትና የተለጠፈው ጽሑፍ ይነሳሉ፤ ውሻ የሚውጣቸው እነዚህን ነው። ከዚያ ጎኑ ላይ ከቁራሹ አንድ እጥፍ ተኩል የሚሰፋ ቀዳዳ ሦስት ወይም አራት ቦታ ይበሳል። መጀመሪያ በቢላ በሳን፤ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ድድ የሚቆርጥ ስለነበረ ተውነው። በጋለ ብረት ሲበሳ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ይህን ደጅ ላይ መምህር ብቻ ይሠራዋል። ውሻው ሁለት ሦስቴ ገፍቶት ምንም ካልወደቀለት ይተወዋል ወይም ይቀጠቅጠዋል። ይህ የውሻው ድክመት አይደለም፤ ቀዳዳው ይስፋለት፣ ሲለምድ ጠባብ ይሰጠዋል። የተሰነጠቀ ጠርሙስ ወዲያው ይጣላል። ከአፉ ለመንጠቅ እጅ መዘርጋት ንክሻ ያመጣል፤ ጥቂት ቁራሽ ራቅ አድርጎ መወርወርና ጥሎት ሲሄድ ማንሳት ነው። ሁለት ውሾች በአንድ ጠርሙስ አይጫወቱም።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ማነፍነፍን ነው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ያሉት የሽታ ተቀባይ ሴሎች ጥቂት ሚሊዮን ሲሆኑ የውሻ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ይህን ሁሉ ይዞ ቀኑን ሙሉ አንድ ግድግዳ ሲያሸት መዋል ከባድ ነው። አምስት ቁራሽ እያየ ሣር ላይ ይቀመጥና «ፈልግ» ይባላል። በሚቀጥሉት ቀናት ሳያይ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ከዚያም አፍንጫው ከፍታ ላይ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ቦቢ የተባለው ውሻ የተደበቀውን ሁሉ ያለ ስሕተት ሲያገኝ ልጆቹ በጣም ተደነቁ፤ አካሄዱን ደግመን ስናስተውል ግን የተከተለው የምግቡን ሽታ ሳይሆን የደበቀውን ልጅ ዱካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደባቂው ግቢውን በሙሉ ይዞራል፣ ባዶ ቦታም እየጎነበሰ ይነካል። በጣት መጠቆምም ቀርቷል፤ የተጠቆመለት ውሻ አፍንጫውን ትቶ እጅ እጅ ያያል። ጠዋት መሬቱ እርጥብ ሳለ ሽታ ይቆያል፤ ቀትር ላይ ያው ጨዋታ በጣም ይከብዳል።

ዝናብ ሲበዛ በረንዳ ላይ ሦስት ኩባያ ተደፍቶ አንዱ ሥር ቁራሽ ይደረጋል። ሦስቱም ኩባያዎች በሳንባው መታሸት አለባቸው፤ ያለበለዚያ ጨዋታው ወዲያው ያልቃል። ምግብ የተጠቀለለበት አሮጌ ፎጣም ጥሩ ነው። ክሩ የሚመዘዝ ጋቢ ግን አይሆንም፤ የተዋጠ ክር አንጀት ይሰበስባል።

አንድ ጨዋታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይበቃል። ውሻው ሲያዛጋ፣ ፊቱን ሲያዞር ወይም ሲጮህ በቀላል ድል ተጨርሶ ይረፍ። ኳስ ደጋግሞ መወርወር ግን ያሯሩጠዋል እንጂ አያረጋጋውም። ያው ዕቃ በየቀኑ ከቀረበ ይሰለቻል፤ ሁለቱ ወጥተው ሌሎቹ ተደብቀው ይቆያሉ።

የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው የሚጠነቀቁ ተማሪዎች ዕቃ በመሥራትና ሰዓት በመመዝገብ ተሳትፈዋል፤ መዝገባችን የተሟላው በእነሱ ነው።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንቀጥላለን። ውሻ የሚያስመዘግብ ተማሪ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ ፈቃድና ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይምጣ።